አባቴ ይሙት

መስከረም 18

ልጄ ሆይ፣

እንዴት ሰንብተሃል? እኔ ከምድር እስከ ስድስተኛ ፎቅ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያስቸግረኛል። እህትህ «ጥያቄ» እንደ ቅጽል ስሟ ናት። ትናንት «አባዬ፣ ሊፍት ወደ ጎን የማይሄደው ለምንድን ነው?» ብላኝ እስካሁን መልሱን እየፈለግኩ ነው።

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። ምድር ቤት ላይ ጀመርኩት፤ ሰው ሲገባ ኪሴ እየከተትኩ፣ ሲወጣ እያወጣሁ፣ ለምሳ ሰዓት ጨረስኩት። ለምን አትደውልም ላልከው፣ እኔ ስልክ ስይዝ «ደህና ነኝ፣ አንተስ» ከማለት ሌላ አልችልበትም። ሊፍቱ ውስጥ ደግሞ መስመሩ ይጠፋል። ወረቀት ይሻለኛል። ይኼ የምጽፍበት የካርድ ክፍል ቅጽ ጀርባ ነው፤ ገልብጠህ «የበሽተኛው ስም» የሚለውን ስታይ እንዳትደነግጥ።

አሁን ወደ ጥያቄዎችህ። ሊፍቱ ላይ ስንት ዓመትህ ነው ላልከው፣ በመጪው ጥር ድፍን ሃያ ዓመት። ይኼንንማ ታውቃለህ ብዬ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ደረትህን ሲያምህ ምን ተሰማህ ላልከው፣ መጀመሪያ ትከሻዬ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ላቤ ቀዘቀዘ። ሐኪም እስኪመጣ ስንት ደቂቃ ጠበቅህ ላልከው፣ እውነቱን ለመናገር ምንም አልጠበቅኩም። የአራተኛ ፎቋ ቀዶ ሐኪም እዚያው ሊፍቱ ውስጥ ከጎኔ ቆማ ነበር። ጎትታ አስገባችኝ፣ በሳምንቴ በርጩማዬ ላይ ተመለስኩ። እንዲህ ያለ ዕድል የት ይገኛል? ለምን እንደምትጠይቀኝ ግን አልገባኝም። ለጥናት ከሆነ የኔን ደረት ተወውና መጽሐፉን ጠይቅ።

ዶክተሮቹ ሁሉ ስላንተ ይጠይቁኛል። ልጄ በባዮሎጂ ተመርቆ አሁን ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀ ነው ብዬ ያልነገርኩት ሰው የለም፤ በቃሬዛ የተኛም ሰምቷል። የቆዳ ሐኪሙ «ያልገባውን ጥያቄ ዘሎ ይለፈው» ብሎሃል። የሕፃናት ሐኪሙ ደግሞ «አንድም እንዳይዘል» ብሎሃል። ሁለቱ ሲከራከሩ መውረጃቸውን አልፈው ስድስተኛ ፎቅ ደርሰው ተመለሱ።

አንድ ነገር ልቆጣህ። «አባቴ ይሙት በቀን አሥር ሰዓት አጠናለሁ» ብለህ ጽፈሃል። ልጅ ሳለህ ስኳር ትልስና «አባቴ ይሙት አልላስኩም»፣ ኳስ ውለህ ትመጣና «አባቴ ይሙት ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ» እያልክ በቀን ሦስቴ ትገድለኝ ነበር። እናትህ ነፍሷን ይማርና «ይኼ ሰውዬ የምር የሞተ ቀን ማን ያምናል?» ትል ነበር። አሁን ዲግሪ ይዘሃል። በሌላ ማል።

አባትህ


ጥቅምት 11

አባዬ፣

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልጽፍልህ በመቅረቴ ይቅርታ። በመካከሉ የላክኸውም ደብዳቤ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። ከሳህ ወይ ላልከው፣ ትንሽ። ሸሚዙ ሰፋኝ እንጂ ሌላው ደህና ነው።

የማጠናበት ቦታ እንዴት ነው ላልከው፣ ከጎማ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። አርባ ሰው እንቀመጣለን፤ ሁላችንም ልብሳችን ጎማ ጎማ ይሸታል። አስጠኚያችንን «መምህር ይበቃል» እንለዋለን። ሰዓት ቆጣሪውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በመካከላችን ይመላለሳል፤ ደቂቃው ሲያልቅ ዓረፍተ ነገር ብትጨርስ ባትጨርስ «ይበቃል!» ይላል። ፈተናው አራት ክፍል አለው። ሳይንሱ አያስፈራኝም። ንባቡም ይሄዳል። ቃል ማዛመዱ ግን ያናድደኛል። «መሪ ለሹፌር እንደሆነ፣ ለሐኪም ምኑ ነው?» ይልሃል፤ እኔ «ሊፍት» ብዬ መለስኩና ክፍሉ ሳቀብኝ። አብሬያቸው ሳቅኩ።

አራተኛው ክፍል ድርሰት ነው። መምህር ይበቃል እንደሚለው ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው፤ «ሐኪም ለመሆን ያነሳሳዎትን አንድ ቀን ይግለጹ» ይላል። ስለዚህ አስቀድመን እየጻፍን፣ እያረመልን፣ እንደገና እየጻፍን በቃላችን እንይዘዋለን። ላክልኝና ላንብበው ላልከው፣ ገና እየተስተካከለ ነው። ስለ እናትህ ከሆነ አስቀድመህ ንገረኝ ላልከው፣ ስለ እሷ አይደለም። ስለ ሆስፒታል ነው። አንተም አለህበት። ሲያልቅ ታየዋለህ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅህ። ሐኪሞቹ ለቤተሰብ መርዶ ሲናገሩ ኮሪደር ላይ ነው ወይስ ቢሮ አስገብተው? ምን ብለው ይጀምራሉ? እንዲሁ ለማወቅ ነው።

ጥያቄን ሳምልኝ። በርትቼ እያጠናሁ ነው፤ አባቴ ይ... ይኸው ልምልልህ ነበር፣ ተውኩት።

ልጅህ


ኅዳር 6

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣

ሃያ ሰባተኛ! ከዘጠኝ መቶ ተፈታኝ ሃያ ሰባተኛ! ወረቀቱን ሳነብ ሊፍቱ ክፍት ቆሞ ሰው ሁሉ «ኧረ ዝጋና እንሂድ» ይለኝ ነበር። «ዛሬ የትም አትሄዱም፣ መጀመሪያ ስሙ» አልኳቸው። ከበርጩማዬ ሳልነሳ በግማሽ ቀን ሆስፒታሉን አዳረስኩት። ጥያቄ አልጋ ላይ ዘላ አንዱን እግሩን ሰብራዋለች፤ በጡብ ደግፈነው እየተኛን ነው።

ደብዳቤህ ለምን ሦስት መስመር ብቻ እንደሆነ ግን አልገባኝም። ደስታ እንዲህ ያሳጥራል? ቃለ መጠይቁ አስፈርቶህ ከሆነ፣ የምሥራች ልንገርህ። የአራተኛ ፎቋ ዶክተር፣ ያቺ ነፍሴን ያተረፈችው፣ ዘንድሮ የቃለ መጠይቁ ኮሚቴ ውስጥ ናት። ድርሰቶቹንም እሷው ታነባለች። ልነግራት ስል እጇን አነሳችና «ስሙን እንዳትነግረኝ፣ አድልዎ ይሆናል» አለችኝ። «ባልነግርሽስ ምን ዋጋ አለው፣ ከስሙ ቀጥሎ የኔ ስም ተጽፏል» አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት በሃያ ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

ደረሰ ወይ ላልከኝ፣ ለጥያቄ የላክኸው የመጻሕፍት ሳጥን ገና አልደረሰም። አውቶቡስ ጣቢያ በየቀኑ እየጠየቅኩ ነው። ጥያቄ በሚቀጥለው ዓመት እሷም ልትፈተን ቆርጣለች፤ የላክህላትን ዝርዝር ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቁጭ ብላለች። ሲመጣ አንድ በአንድ በኤክስሬይ ፖስታ እሸፍናቸዋለሁ፣ ላንተ እንደማደርገው። አንድም ሳይቀደድ ይቆያል።

አባትህ፣ የሃያ ሰባተኛው


ኅዳር 10

አባዬ፣

ይኼ ደብዳቤ ከሳጥኑ ቀድሞ እንዲደርስህ በፈጣን ፖስታ ነው የላክሁት።

ሳጥኑ ውስጥ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር አለ። በስህተት የገባ ነው። ሳስር ቸኩዬ ነበር፤ ዝርዝሩንም ሳላስተውል ነው የጻፍኩት። የሌላ ተማሪ ደብተር ነው፤ ለጥያቄም አይጠቅማትም። እባክህ አትክፈተው፣ አትሸፍነው፣ እንዳለ ጠቅልለህ መልስልኝ። ባለቤቱ ይፈልገዋል።

ለዶክተሯም ስለኔ ምንም አትንገራት። ደንቡ ይከለክላል። ካወራህላት እኔ ነኝ የምጎዳው።

ለምን ደስ አላለህም ላልከው፣ ደስ ብሎኛል። ደክሞኝ ነው።

አባቴ ይሙት ደብተሩ የኔ አይደለም።

ልጅህ


ኅዳር 17

ልጄ፣

ደብዳቤህ ከሳጥኑ በሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ።

ደብተሩ የሌላ ተማሪ ነው ብለሃል። እንግዲያው የዚያ ተማሪ አባት ስሙ ከኔ ጋር አንድ ነው። ልጁም እንዳንተ ግራኝ ይመስላል፤ መስመሩ ሁሉ ወደ ኋላ ተጋድሟል።

ሆነ ብዬ አልከፈትኩትም። ልሸፍነው ልባሱን ስገልጥ ሥራዬ ተጽፎ አየሁና ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለሁት እኔው ነኝ። ሊፍተኛ ነኝ፣ ደረቴን ያመኛል፣ ዶክተሯ ከጎኔ ናት፣ እድናለሁ። ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። ከሥሩ አስጠኚህ በቀይ «ዳነ? ታዲያ አንባቢው ለምን ያለቅሳል?» ብሎ ጽፏል። በሁለተኛው ላይ መምህር አደረግኸኝ። በሦስተኛው ሐኪም ዘገየብኝ። በአራተኛው ራሴን ሳትኩ፤ ከሥሩ በቀይ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «ይሙት።» አራት ነጥቡን ሳይቀር አድርጎበታል። አንተም ታዛዥ ነህ፣ በአምስተኛው ሞትኩ። በስድስተኛው «ቶሎ ይሙት፤ እስከ ሦስተኛው አንቀጽ ምን ያቆየዋል?» ይላል። በአሥራ አንደኛው ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ሬሳ ነኝ። ቀዩም «ግሩም!» ብሏል።

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔ ግን የራሴን መርዶ ራሴ ተረዳሁ፤ ያውም አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ መቀስና ሙጫ ይዤ።

ስለ ሥራው አንድ ነገር ልናገር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ሊፍት ቆሞብኝ ሞትኩ ብለሃል። የኔ ሊፍት በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የቆመው፤ አንዴም ሰው አልሞተበትም፣ እንዲያውም አንዷ ወልዳበታለች። ይኼን አንተ ታውቃለህ።

መሞቱንስ ቻልኩት። ሰው ይሞታል። ያልቻልኩት መምህሩን ነው። ሊፍተኛ ሆኜ ብሞት ምን ነበረበት? ያቺ ቀን ትዝ አለችኝ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለህ ከክፍል ጓደኞችህ ጋር ላቦራቶሪውን ልትጎበኙ መጣችሁ። ሰባት ሆናችሁ ሊፍቱ ውስጥ ገባችሁ። አየኸኝ፣ ዓይንህን ወደ ቁጥሮቹ አነሳህ። እኔም ገባኝና «ስንተኛ ፎቅ ላድርስዎ?» አልኩህ። የወለድኩትን ልጅ አንቱ አልኩ። «አምስተኛ» አልክ። በዚያ ምሽት እቤት ስትመጣ ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነን በላን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንስተነው አናውቅም። ይኸው አሁን አነሳሁት።

ጥያቄ አላየችውም። «ሰማያዊው ደብተር የታለ?» ብትለኝ አልመጣም አልኳት። እኔም ዋሸሁ።

ስለ ዶክተሯ አትጨነቅ። አልነግራትም። የሞተ ሰው አያወራም።

ሊፍተኛው


ታኅሣሥ 3

ልጄ፣

ፖስታህ ደረሰኝ። ውስጡ ምንም የለም። ፖስታ ቤት ሰርቆኝ ነው እንዳልል እሽጉ አልተነካም። አራግፌ፣ ወደ መብራት ይዤ አየሁት። ቴምብር ለጥፈህ፣ አድራሻ ጽፈህ፣ ደብዳቤውን ማስገባት ረስተሃል፤ ወይም አልቻልክም። እንግዲያው ያልጻፍከውን ልመልስልህ።

ተቆጥተሃል ወይ ብለህ ከሆነ፣ ሁለት ቀን ተቆጣሁ። ያን ደብዳቤ ስጽፍ ንዴቴ አልበረደልኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን ንዴቱ ወጣ፤ የቀረኝ ሐፍረት ነው። ምን ዓይነት አባት ብሆን ነው ከመኖሬ መሞቴ ለልጄ የሚጠቅመው እያልኩ ሰው ሲገባና ሲወጣ አንገቴን ደፍቼ ቁልፍ እጫናለሁ። ሁለት ጊዜ የማይሆን ፎቅ አደረስኳቸው። በሃያ ዓመቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ዶክተሯ ገባች። ብቻዋን ነበረች። ፋይል በብብቷ ይዛለች። «እንደው ግራ ገባኝ፤ የልጅህን ስም ከሌሎቹ ሰምቼ ነበር፤ ፋይሉ ላይ ያው ስም አገኘሁ፣ የአባቱም ስም ያንተ ነው። ግን አባቱ መምህር ነበሩ፣ ሞተዋል ይላል። ልጅህ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ምድር ላይ ነበርን። እስክትወርድ አራት ፎቅ ጊዜ ነበረኝ። በሩን ዘጋሁ። አንደኛን አለፍን። ሁለተኛን አለፍን። ሦስተኛው ላይ እንደ ሁልጊዜው እናትህ ትዝ አለችኝ። ከዚያ «አይደለም» አልኳት። «ሞክሼ ነው። የኔው ወድቋል። ለጉራ ነው አለፈ ብዬ ያወራሁት።»

አየህ፣ በሌላ መንገድ አይሆንልኝም ነበር፤ አልፏል ብዬ ሆስፒታሉን ሁሉ አዳርሻለሁ። ዶክተሯ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወረደች። ያቺ ንክኪ ከስድብ ባሰችብኝ። በማግስቱ ወሬው እኔን ቀድሞ ስድስተኛ ፎቅ ደርሷል። የቆዳ ሐኪሙ እንኳ ቀልዱን ትቶ «ይዋል ይደር እንጂ ያልፋል» አለኝ። ልጁ ወድቆበት ዋሸ ብለው ሁሉም ያዝኑልኛል። ስለዚህ ኃላፊውን ለምኜ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተዛውሬአለሁ። ሥራው አይከፋም። አንሶላ አጥፋለሁ። ሰው አይገባም፣ አይወጣም።

አሁን መንገዱ ክፍት ነው። ሲጠይቁህ አትደንግጥ። ምን ያስተምሩ ነበር ካሉህ ሒሳብ በል፤ ለኔ ሒሳብ ይሻለኛል። እንዳትረሳ እንጂ፣ ልጄ አይደለም ብዬ ስናገር ከንፈሬ ብቻ ነው የተናገረው።

አባትህ


ታኅሣሥ 14

አባዬ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከቃለ መጠይቁ በፊት በነበረው ቀን ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ስንት ዓመት ቁጭ ብለህበት ከኖርክበት በርጩማ አስነሳሁህ። ከዶክተሮቹ ጋር ስትቀልድ የነበርከውን ሰው አንሶላ አጣፊ አደረግሁህ፤ ያውም ውሸታም አስብዬ።

እንዴት ሆነ ትለኛለህ። በቅደም ተከተል ልንገርህ፣ ከደፈርኩ።

ረጅም ጠረጴዛ ነው። አምስት ሰዎች፣ አንድ የውሃ ማንቆርቆሪያ፣ ፊት ለፊታቸው የኔ ፋይል። ስለ ሳይንሱ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ስለ ሥነ ምግባር ጠየቁኝ፤ እሱንም፣ አታምነኝም፣ አሳምሬ መለስኩ። ከዚያ አንተ የምታውቃት ዶክተር ድርሰቴን አነሳችና «አባትህ ምን ያስተምሩ ነበር?» አለችኝ። ሒሳብ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አባቴ ይሙት ልለው ነበር። ቃሉ አልወጣልኝም። አንገቴን ስደፋ ሐዘን ይዞኝ መሰላትና ልታጽናናኝ ጀመረች። «እኛ ሆስፒታል ሞክሼህ አለ። አባቱ ትሑት ሰው ነው፤ ልጁ ወደቀበት። አንተ አባት ሳይኖርህ አለፍክ፣ እሱ አባቱ እያለለት ወደቀ። ዓለም እንዲህ ናት» አለችኝ።

ያኔ ነው ያልኩት። «ያ ሰው አባቴ ነው። አልሞተም። መምህርም ሆኖ አያውቅም፣ ሊፍተኛ ነው። ልጁም አልወደቀም፤ ልጁ እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እሱ የዋሸው ለኔ ብሎ ነው» አልኩ። ማንም አልጮኸብኝም፤ ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር። ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውጭ ጠብቅ አሉኝ። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ጠርተው ነገሩኝ። የዘንድሮው ውጤቴ ተሰርዟል። በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ መፈተን እችላለሁ፤ ግን የዛሬው ነገር ፋይሌ ላይ ይቀመጣል።

ለመምህር ይበቃል ነገርኩት። «ማን ሄዶ መቃብር ይቆፍራል? ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ሰዓት ቆጣሪውን አየና ክፍል ገባ።

ለምን ብለህ አልጠየቅኸኝም። ባትጠይቀኝም ልንገርህ። መጀመሪያ ላይ ስለ እናቴ ልጽፍ ነበር። የሞተችው እሷ ናት፣ በእውነት የሞተችው፤ አንተው ራስህ በሊፍትህ ሦስተኛ ፎቅ አድርሰሃታል። ውሸት አያስፈልገኝም ነበር። አምስት ቀን ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። እሷን እንደገና መግደል አቃተኝ። አንተ ግን ትኖራለህ። ምንም ብጽፍብህ ምንም የማትሆን መሰለኝ። ይኼ ምክንያት እንደማይሆን አውቃለሁ።

መምህሩ ግን ሌላ ነው። እሱን ማንም በቀይ አላዘዘኝም። የራሴ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ የዶክተር ልጆች፣ የጠበቃ ልጆች አሉ፤ «አባትህ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ ሆስፒታል ነው እያልኩ አልፋለሁ። ሊፍቱ ውስጥ ዓይኔን ወደ ቁጥሮቹ ያነሳሁ ዕለት ያፈርኩት ባንተ ነበር። አሁን የማፍረው በዚያ ልጅ ነው።

ወደ ቤት ልምጣ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። በምን ዓይኔ አይሃለሁ? ለጥያቄስ ምን እላታለሁ? እዚሁ ሆኜ ለተማሪዎች ኬሚስትሪ እያስጠናሁ እከርማለሁ።

ይቅርታ አድርግልኝ ማለትም አፈርኩ። ብቻ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ እንዳትቀር።

ልጅህ


ታኅሣሥ 21

ልጄ፣

እኔ ከምድር እስከ ስድስተኛ ፎቅ ደህና ነኝ። አዎ፣ ተመልሻለሁ።

ዶክተሯ ከጉዞ የገባች ዕለት ቀጥታ ልብስ ማጠቢያ ወረደች። ቀዶ ሐኪም እዚያ ወርዶ አያውቅምና ሴቶቹ ሁሉ ከማሽኑ ተነሱ። አንሶላ በእጄ ይዤ ነበር። ሌላኛውን ጫፍ ያዘችና አብራኝ አጠፈችው። ከዚያ «ልጅህ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ልጄ ነው» አልኳት። «ለምን ዋሸኸኝ?» ብትለኝ አለቀስኩ። ሰው ፊት ነበር፣ አላፈርኩም። «ድርሰቱን አንብቤ አልቅሼልህ ነበር፤ እንባዬን ልትመልስልኝ ነው እንግዲህ» አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

ይቅር ብለኸኛል ወይ ያልከው ነገር የለም፤ ግን ፖስታው ሲደርሰኝ ክብደቱ እሱ መሰለኝ። እውነቱን ልንገርህ። መሞቴን ይቅር ብያለሁ። መምህሩን ገና ነኝ። እሱ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አትቸኩልብኝ። እኔም የማልምረው የራሴ ነገር አለኝ። ያን ቀን ሊፍቱ ውስጥ አንቱ ያልኩህ ላንተ አዝኜ ብቻ አልነበረም። ተናድጄም ነበር። ልብህን እንዲቆርጠው ብዬ ነው «ላድርስ» ላይ «ዎ»ን የጨመርኩበት። በነጋታው «አንተ ጅል፣ አባትህን ሰላም አትልም?» ብልህ ኖሮ ሁለታችንም እዚህ አንደርስም ነበር።

አሁን ስለ መሐላህ። ብዙ አሰብኩበት፣ አንሶላ ማጠፍ ለማሰብ ይመቻል። ልጅ ሳለህ «እናቴ ትሙት»ም ትል ነበር፣ ከ«አባቴ ይሙት» እኩል። እሷ ካረፈች ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ ስትለው ሰምቼህ አላውቅም። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ይሙት የሚባለው ላለ ሰው ነው። እንዳይሞት የምትሳሳለትን ነው መያዣ የምታደርገው። ስለዚህ በኔ መማልህን ከልክዬህ ነበር፣ አንስቻለሁ። ማል። እስካለሁ ድረስ ማል። ግን ለእውነት ይሁን፤ በውሸት ስትምል ደረቴን ያመኛል።

ጥያቄን ነገርኳት። ሁሉንም። አልጋው ላይ፣ ያው ጡብ የደገፈው ላይ፣ ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ታዲያ አሁን ከማን ጋር ነው የማጠናው?» ብላ። መልሱን አንተ ታውቃለህ። ወንድሟ ሆነህ ሳለ የሰው ልጆች ኬሚስትሪ የምታስጠናው፣ እኔ ሞቼ ነው ቆሜ?

ሰማያዊውን ደብተር ሸፍኜዋለሁ። አንድም ገጽ አልቀደድኩም፤ የሞትኩባቸውም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ስትጽፍ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምር፣ ከዳንኩበት። ማንም ባያለቅስም ግድ የለም።

ማክሰኞ አውቶቡስ አለ። ወደ ቤት አትሂድ፣ ሻንጣህን እንደያዝክ ሆስፒታል ና። የጠዋቱ ፈረቃ ላይ ነኝ። ሊፍቱ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ዶክተሮቹም ይኖራሉ፣ ሁሉንም ሰምተዋል። ቢሆንም ግባ። ገፍተህ ግባ። ቁጥሮቹን አትይ፣ እኔን እይ። እኔ በሩን ዘግቼ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ያን ቀን የተበላሸብኝን ጥያቄ እንደገና እጠይቅሃለሁ።

ስንተኛ ፎቅ ላድርስህ?

አባትህ፣ ሊፍተኛው